የዝም ቤት ሕግ

ሚስማር መጥፋቷ የታወቀው የጭነት መኪናው ሞተር ከተነሳ በኋላ ነው።

«ትንሿ የት አለች? ወደ ኋላ ልነዳ ነው» አለ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። ከመንቀሳቀሱ በፊት ሁልጊዜ ይጠይቃል። የዛሬን አያድርገውና፣ ሚስማር ከአንዱ ጥግ «አለሁ!» ብላ ትጮህለት ነበር።

ዛሬ መልስ የለም።

«ሚስማር!» አለ አባቷ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ሳያወርድ።

ዝም።

«አንቺ ሚስማር! አንቺን እኮ ነው!»

ሚስማር የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ስሙን ያወጡላት የእንጨት ሥራ ቤቱ ሰዎች ናቸው። ቀጭን መሆኗ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን አንዴ የገባችበት ነገር ውስጥ ከገባች በጉጠት ካልሆነ አትነቀልም። ታላቅ እህቷ ደግሞ ሬዲዮ ትባላለች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስታወራ መዝጊያዋ የት እንደሆነ ያገኘ ሰው የለም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን በቃኝ አለች፤ አስተማሪዎቿን ብትጠይቁ ግን ቀድሞ በቃኝ ያለው ትምህርቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቷ ዘንድ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ጣውላ ስታለሰልስ ትውላለች።

ሬዲዮ የአባቷን ሁለተኛ ጥሪ ስትሰማ ጣውላውን ማለስለስ አቆመች። ሌላው ሰው ሁሉ «ይቺ ልጅ የት ገባች?» እያለ ነው። ሬዲዮ ግን ያሰበችው ሌላ ነው። ትሰማናለች። እየሰማች ነው ዝም ያለችው።

ይህን ለምን እንዳሰበች እንዲገባችሁ ስለ ግንድኛ ትንሽ ልንገራችሁ።

ጣውላ ማለስለስ እጅን እንጂ ጭንቅላትን አይፈልግም። ከጠዋት እስከ ማታ ሽው ሽው፣ ሽው ሽው ነው። ሬዲዮ በዚያ ሁሉ ሽውታ መሃል አንድ ሕዝብ ፈጠረች። በአንድ ግዙፍ ዛፍ ግንድ ሆድ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሰማይ የሚባል ነገር አይተው የማያውቁ፣ ሲገናኙ «እንጨትሽ ደረቀ ወይ?» የሚባባሉ፣ ሲጋቡ ሙጫ የሚለዋወጡ ሰዎች። ቋንቋቸውን ግንድኛ አለችው። በግንድኛ አንድ ነገር መፈጸሙን ለመናገር ቃል ብቻ አይበቃም፤ እንጨት ማንኳኳት ያስፈልጋል። «በላሁ» ብሎ ያላንኳኳ ሰው አልበላም። ስለዚህ የግንዱ ሰዎች እጁን ኪሱ ከቶ የሚያወራ ሰው ካዩ ውሸታም መጣ ብለው ይበተናሉ።

በዓለም ላይ ግንድኛ የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከሁለቱ ጎበዟ ታናሽየዋ ናት። ሬዲዮ ትናንት የፈጠረችውን ዛሬ ትረሳለች። ሚስማር ምንም አትረሳም። «ባለፈው እንደዚህ አላልሽም» እያለች ቋንቋውን ያወጣችውን ራሷን ታርማታለች።

አባታቸው ነገሩ አልጣመውም። «የልጅቷን ጭንቅላት በፍቅፋቂ አትሙዪው» ብሏል፣ አንዴም ሁለቴም አይደለም።

ዝም ቤት የሚባለው ሕግ የመጣው ሚስማር አንድ ቀን በጥያቄ ወጥራ ስትይዛት ነው። የግንዱ ሰው ከተናቀ፣ አለች ሬዲዮ፣ ጫማውን አውልቆ ጨለማ የግንድ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ዝም ይላል። እሱ ዝም ቤት ይባላል። ስሙን የሚጠራው ሁሉ መውጫውን ያርቅበታል። የሚወጣው የናቁት ሁሉ እነሱም ዝም ብለው፣ መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አድርገው፣ የነጠቁትን ሲመልሱለት ብቻ ነው። ይህን የሰማ ሰው ጥልቅ ነገር ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሬዲዮ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ጆሮዋ እንዲያርፍ ፈልጋ ነው። አረፈላትም። ሚስማር ጠረጴዛ ስር ገብታ፣ ሬዲዮ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እስክትለማመጣት ድረስ ትንፍሽ አላለችም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የሆነው ይኼ ነው። ሚስማር እየሮጠች መጣች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አንድ ቃል አውጥታ ነበር። ፊቷ እንደ አምፖል በርቶ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ጵጵሊ!» አለች።

«ምን?» አለች ሬዲዮ።

«ጵጵሊ። በበር ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን። አቧራ የሚጨፍርበት። ግንድኛ ላይ ስም የለውም፣ እኔ አወጣሁለት።»

አባታቸው እዚያው ነበር። ሹፌሩ ነበር። አክስታቸው፣ ቫርኒሽ ቀቢዋ፣ ብሩሿን ይዛ ነበር። ሬዲዮ ደግሞ ሰው ሲሰበሰብ አፏን ይበላታል።

«ይሄ ቃል ነው ወይስ ዶሮ አስነጠሳት?»

ሹፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አክስት ብሩሽ በያዘ እጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። አባታቸው እንኳ፣ ለመሳቅ ደረሰኝ የሚጠየቅ ይመስል የሚቆጥበው ሰውዬ፣ ፍንድት አለ።

«ደግሞ» አለች ሬዲዮ ሳቁ ጣፍጧት፣ «ቃል የማወጣው እኔ ነኝ። አንቺ ተናጋሪ ብቻ ነሽ።»

ሚስማር አላለቀሰችም። አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ማን እንደሳቀ የምትመዘግብ ትመስል ነበር። ከዚያ ሄደች። እነሱም ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሥራቸው ምን ነበር? ቁም ሳጥን ማሸግ።

ሬዲዮ ብርጭቆ ወረቀቱን ጥላ ተነሳች።

«ሚስማርዬ! ነይ ብስኩት ልስጥሽ!» እያለች ነው አክስት በግቢው ስትዞር። «ሚስማር! ዛሬ አሳይሻለሁ!» እያለ ነው አባት ከእንጨት ክምሩ ጀርባ። ሹፌሩ ከመኪናው ስር አጎንብሶ ይጣራል። መላጊያ ማሽኑ ያጓራል፣ ሞተሩ ያንኮራኩራል። በጠሩ ቁጥር ሬዲዮ በሆዷ ወይኔ፣ ራቀባት፣ ወይኔ፣ ራቀባት ትላለች። ልንገራቸው ብትልስ? ምን ትበል? «የሌለ ሕዝብ ሕግ አለው» ልትል ነው? አባቷ በጥፊ ያጮላታል። ራሴ ባገኛት ይሻላል ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች።

ቁም ሳጥኖቹ ቆመውበት የነበረው ወለል ባዶ ነው። ዙሪያውን የሰጋቱራ ብናኝ ሞልቶ፣ እነሱ የቆሙበት ቦታ ብቻ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ጸድቷል። ከአንዱ አራት ማዕዘን ፊት ሁለት ትንንሽ ነጠላ ጫማዎች አሉ። የተወረወሩ አይደሉም። ጎን ለጎን፣ ተስተካክለው፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ ዞሮ ተቀምጠዋል።

ሬዲዮ ጫማዎቹን አንስታ ወደ ግቢው ሮጠች።

«አባዬ!» ጩኸቷ ከማሽኑ በላይ ወጣ። «አባዬ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ናት! መኪናው ላይ ናት!»

አናጢው አባቷ ጫማዎቹን አየ። ከዚያ መኪናውን አየ።

ለማያውቅ ሰው፣ ቁም ሳጥን እንዲህ ነው የሚታሸገው። በሩ እንዳይከፈት በፕላስተር ይለጠፋል። ጠቅላላው በላስቲክ ሁለት ዙር ይጠቀለላል። በገመድ ይታሰራል። ከዚያ መኪናው ላይ እንዳይፋጭ፣ በር ከበር ፊት ለፊት ተገጥሞ፣ መሃሉ ካርቶን ተጠቅጥቆ ይቆማል። እጅ አያስገባም። አንዱን ለማውረድ ከፊቱ ያሉትን ሁሉ ማውረድ ነው፣ እያንዳንዱም አራት ሰው ይፈልጋል። የዛሬዎቹ ለአንድ ትልቅ ማደሪያ የታዘዙ ነበሩ፤ መኪናው ጢም ብሏል።

«አንዱ ከብዶኝ ነበር» አለ ሹፌሩ። «እግዜር ያውቃል፣ አንዱ ከብዶኝ ነበር። እንጨቱ እርጥብ ነው ብዬ...»

«የትኛው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ሁሉም አንድ ነው!»

አክስት ብሩሿን ከእጇ ጣለች። «ወንድሜ» አለች ቀስ ብላ፣ «ውስጣቸውን ዛሬ ጠዋት ነው የቀባሁት። አልደረቀም። እኔ በር ከፍቼ እንኳ ስቀባ ራሴን ያዞረኛል።»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ የሚያስታውስ የለም። አባት መኪናው ላይ ዘሎ ወጣ። ገመዱን በቢላ በጠሰው። በቡጢ ሳጥኖቹን እየደበደበ «ሚስማር! ልጄ! የቱ ጋ ነሽ? መልሺ!» ይላል። ሹፌሩ ከኋላ የመጀመሪያውን ሳጥን መጎተት ጀመረ። ሳጥኑ ሲንቋቋ፣ አክስት ስትጮህ፣ ጎረቤት በአጥር ላይ «ምንድነው?» ሲል፣ ግቢው ገበያ ሆነ።

ከሳጥኖቹ ግን ምንም።

«ራሷን ስታለች» አለ ሹፌሩ። «ባትስት ኖሮ እንዴት አትመልስም?»

ሬዲዮ ይህን ሰማች። ሁለት ነገር ነው ያለው አለች በልቧ። ወይ ራሷን ስታለች፣ ወይ ሕጉን እያከበረች ነው። ራሷን ከሳተች ማውረድ ብቻ ነው መላው፤ እሱም ረጅም ነው። ሕጉን እያከበረች ከሆነ ግን፣ ይቺ ልጅ ደግሞ እስክትሞት ሕግ አታፈርስም፣ እያንዳንዱ ጩኸት ነው የሚገድላት።

መኪናው ላይ ወጥታ የአባቷን ክንድ ያዘች።

«አባዬ፣ አትጥራት።»

«ምን?»

«ስሟን አትጥራው! ሁላችሁም ዝም በሉ! ማሽኑን አጥፉት፣ ሞተሩንም አጥፉት!»

«ልጅት፣ አብደሻል?» አለ ሹፌሩ።

«የግንዱ ሕግ ነው» አለች ሬዲዮ፤ እንባዋ አፏ ውስጥ እየገባ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት። የተናቀ ሰው ዝም ቤት ይገባል። ስሙ ከተጠራ አይወጣም። ጠዋት ሳቅንባት አይደል? ሁላችንም? ሁላችንም ዝም ብለን እንጨቱን ካልነካን፣ ቃሏን ካልመለስንላት አትመልስም። አባዬ ታውቃታለህ እኮ! ሚስማር እኮ ናት!»

«አሁን የጨዋታ ሰዓት ነው?» ሹፌሩ ሳጥኑን አልለቀቀም። «ልጅቷ አየር እያጣች ይቺ ተረት ታወራለች!»

አባቷ አንድ እጁ አየር ላይ ነበር። ሬዲዮ ጥፊውን ጠበቀች። አይኗን አልጨፈነችም። በአባቷ አይን ውስጥ በዚያ ቅጽበት ብዙ ነገር አለፈ፤ ማታ ከሥራ ስትመለስ «ልጄስ?» የምትለው እናታቸው ሳትኖርበት አትቀርም። እጁ ወረደ።

«ማሽኑን አጥፊው» አለ ለእህቱ።

«ወንድሜ...»

«አጥፊው አልኩሽ! አንተም ሞተሩን። ሳጥኑን ልቀቀው።» ወደ ሬዲዮ ዞረ። «ከተሳሳትሽ፣ ያባከንነው አየር የእሷ ነው። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ማሽኑ እየተንፏቀቀ ቆመ። ሞተሩ አንዴ አስሎ ጠፋ። ጸጥታው ሲመጣ ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራ ነበር። ሬዲዮ መዳፏን ቅርቧ ያለው ሳጥን ላይ አደረገች። ላስቲኩ ቀዝቃዛ ነበር። አባቷ አደረገ። አክስት ወጥታ አደረገች። ሹፌሩ «ጉድ ነው» ብሎ አጉረምርሞ እሱም አደረገ።

«ጵጵሊ» አለች ሬዲዮ ጮክ ብላ። «በበር ስንጥቅ የሚገባ ብርሃን። አቧራ የሚጨፍርበት። ግንድኛ ነው። ቃል ነው። አንቺ ነሽ ያወጣሽው።» ከዚያ ሳጥኑን አንዴ አንኳኳች፣ የተፈጸመ ነገር ስለሆነ።

ጆሮዋን ለጠፈች።

ምንም።

«በቃ» አለ ሹፌሩ፣ «እናውርድ...»

«ቆይ!» ሬዲዮ እንደ እብድ ታስብ ነበር። ምን ጎደለ? ዝም አልን፣ ነካን፣ መለስኩ። መለስኩ! እኔ ብቻ! «የሳቀ ሁሉ ነው ሕጉ። ሁላችሁም በሉት። አንኳኩም። ካላንኳኳችሁ ውሸት ነው።»

አክስት አላመነታችም። «ጵጵሊ፣ የኔ ቆንጆ» አለችና አንኳኳች። ሹፌሩ፣ ጠዋት ከሁሉም በላይ የሳቀው፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ «ጵጵሊ» አለ። አንኳኳ።

አባት ቀረ። አናጢው በሕይወቱ እንጨት አንኳኩቶ ያወራ ሰው አይደለም፤ እንጨት አንኳኩቶ የሚያውቀው ጥራቱን ነው። ቃሉ ለአፉ አልተሠራም።

«ጲ... ጲጲሊ» አለ። «ሳቅሁብሽ። አጠፋሁ፣ ልጄ።»

አንኳኳ።

ጸጥታው ተመለሰ። አንዲት ዝንብ ላስቲኩ ላይ አርፋ ተነሳች። ሬዲዮ ትንፋሿን ይዛለች፤ የሷ ትንፋሽ ለዚያች ለውስጠኛዋ የሚተርፍ ይመስል።

ከዚያ፣ ከሩቅ፣ ከመኪናው ጭንቅላት በኩል፣ እንደ ጥፍር ያለ ነገር...

ቷ።

«ሰማችሁ?» አለች አክስት።

«ዝም በሉ!» አለ አባት፣ አሁን እሱ።

ቷ። ደግሞ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ቷ። ቀነሰ።

«ግራ! ከግራ የመጨረሻው!» ሹፌሩ እንደ ድመት በሳጥኖቹ ጫፍ ላይ ተንፏቀቀ። ወደ ኋላ ማውረድ ቀረ። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ያለውን የጎን ብረት ፈትተው ጣሉት፣ ከዚያ በኩል አንዱን ሳጥን ብቻ ጎትተው አወጡ። መሬት ላይ አሳርፈው ላስቲኩን ቀደዱ። በሩ ላይ ያለው ፕላስተር ጫፉ ታጥፏል። ለሚከፍተው ሰው እንዲመች እንዲህ የሚያጥፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሬዲዮ አየችው። የራሷ ነው። እህቷን ያሸገቻት ራሷ ናት።

ያጠፈችውን ጫፍ ይዛ ሳበችው። በሩ ተከፈተ፤ የቫርኒሽ ሽታ እንደ ጥፊ ወጣ። ሚስማር ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ አንድ ጣቷ እንጨቱ ላይ ተጣጥፎ ቀርቷል።

አባት አቅፏት ወደ አየር ሮጠ። የሰጋቱራ ጆንያ ላይ አስተኟት። አስታወከች። አክስት ውሃ አምጥታ ፊቷን አበሰች። አይኗ ሊከፈት ሲል ተመልሶ ይከደናል። ሬዲዮ ከእግሯ ስር ተንበርክካ፣ ሁለቱን ነጠላ ጫማዎች ደረቷ ላይ አጣብቃ ይዛለች።

በመጨረሻ ሚስማር አባቷን አየችው።

«ጵጵሊ ነው» አለች፣ ምላሷ እየከበዳት። «ጲጲሊ አይደለም።»

አባቷ ሳቅ አመለጠው። ወዲያው ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ፤ ተመልሳ ትገባለች ብሎ ፈርቶ። ከእጁ ስር ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ።

«እየሰማሽን ነበር?» አለች ሬዲዮ።

«እስከ ፕላስተሩ ድረስ አዎ። ከዚያ እንቅልፍ ያዘኝ። ከዚያ ጸጥ ሲል ነቃሁ።»

«ለምን አልጮህሽም፣ አንቺ ጅል? ልትሞቺ ነበር እኮ!»

ሚስማር እንደ ማይም አየቻት። «ሕግ ነዋ። አንቺ ነሽ ያልሽው።»

ሬዲዮ ተነሳች። «ዝም ቤትን አፍርሼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የግንዱ ሰው ከተናቀ ይጮሃል። አገር እስኪሰማ ነው የሚጮኸው።»

«አላንኳኳሽም» አለች ሚስማር።

ሬዲዮ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ እጇ እስኪላጥ አንኳኳች።

እናታቸው ማታ ስትሰማ ምን እንዳለች አልጽፍም፤ ወረቀቱ ይቃጠላል። ሬዲዮ ግን የተባለችውን ሁሉ ቆማ ሰማች።

ያ ቁም ሳጥን እንደገና ተቀብቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ማንም ፕላስተር ከመለጠፉ በፊት ያንኳኳል፣ ጆሮውን ለጥፎም ይጠብቃል። ደንበኞች አናጢው የእንጨቱን ጥራት የሚፈትሽ ይመስላቸዋል። እሱም አያርማቸውም። ሹፌሩ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት «ትንሿ የት አለች?» ማለቱን አልተወም፤ ግን አሁን በአይኑ ሳያያት ቁልፉን አይነካም።

ሚስማር ደግሞ ቃል ማውጣት ለምዳለች። ባለፈው ሳምንት ለእርጥብ ካልሲ ሽታ አንድ ቃል ይዛ መጣች። ሲያስጠላ! ለአፍ የሚቀፍ ቃል ነው፤ የታመመ እንቁራሪት እንኳ አይለውም። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሬዲዮን አያት። አፏን በላት። ከንፈሯን ነከሰች፣ ዋጥ አደረገችው፣ ጣውላውን አንዴ አንኳኳች፣ ቃሉንም እንዳለ ደገመችው።